አባዬን አንቱ ያልኩበት ግቢ

አባዬ በልጆቹ አፍ አንቱ መባል አይወድም። ጎረቤት ይበለው፣ የቀበሌ ሰው ይበለው፣ የአማች ወገን ይበለው፣ ግድ የለውም። እኛ ግን አንተ ነው የምንለው። ልጅ ሳለሁ ከሌላ አገር ተመድቦ ቆቦ የመጣ አስተማሪ ነበረን። ታላቅን አንተ ማለት ነውር ነው ብሎ ክፍሉን በሙሉ ገሠጸን። እኔ ደግሞ ተግሣጽ ቶሎ ይገባኝ ነበርና ምክሩን ይዤ እቤት ሮጥኩ። አባዬ ከማሽላው ተመልሶ የግድግዳው ጥላ ሥር እግሩን ዘርግቷል። “አባት፣ ምሳ ቀርቧል፣ ይምጡ” አልኩት። ዘወር ብሎ ከኋላው አየ። ማንም የለም። እንደገና ወደ እኔ ዞረና፣ “ማንን ነው የጠራሽው?” አለኝ።

“አንተን።”

“እኔን? እኔ መቼ ሩቅ ሄድኩ?”

እናቴ በሳቅ ሞተች። እሱ ግን ከምሳ በኋላ አጠገቡ አስቀምጦ ነገረኝ። “ስሚ እስቲ። እኔ ጌታዬን የምለምነው አንተ እያልኩ ነው። ከእሱ በልጬ ነው አንቱ የምትይኝ? አንቱ የሚባል የሩቅ ሰው ነው፣ ደጅ የቆመ ነው። እኔን አንቱ ካልሽኝ ከገዛ ቤቴ ደጅ አወጣሽኝ ማለት ነው።” ከዚያ ወዲያ ለአስተማሪው እርስዎ እያልኩ፣ ለአባዬ አንተ እያልኩ አደግሁ።

ይህንን ለጓደኞቼ ስንት ጊዜ እያሳቅሁ አውርቼዋለሁ። አሁን የምናገረውን ግን ለማንም አላወራሁም፤ የሚያስቅ የለውም።

ነገሩ የታናሽ እህቴ ነገር ነው። እናታችን ከሞተች ወዲህ ቆቦ ያለው ቤት ውስጥ አባዬና እሷ ብቻ ናቸው። እኔ እዚያው ጂኦግራፊ ሳስተምር ቆይቼ ለሁለተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ ገባሁ። እሷ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ መጽሐፍ ከዚህም ከዚያም እየለመነች አጥንታ ፈተናውን አለፈች። የተመደበችውም እኔ የምማርበት ግቢ ሆነ። የሰማች ቀን ስልክ ላይ አለቀሰች፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ። አባዬ ግን ሂጂ አላላትም። በዚያው ሰሞን አንድ የዋጃ ነጋዴ ለልጁ ብሎ ሽማግሌ ልኮ ነበር። ልጁ ክፉ የሚወጣለት አይደለም፣ ቤታቸውም የሞላ ነው። አባዬ ለሽማግሌዎቹ እሺም እንቢም አላለም።

“እቴ፣ አደራሽን” አለችኝ እህቴ። “አንቺን ይሰማል። ይሄን ዓመት ከቀረሁ ዋጃ ገባሁ ማለት ነው።”

አባዬ ጋ ደወልኩ። ምን እንዳሳሰበው ስጠይቀው መልሶ ጠየቀኝ። “ልጅ ለባል ስሰጥ ቤቱን አላይም?”

“ታያለህ።”

“እንግዲያ ለትምህርት ስሰጥም አያለሁ” አለና ስልኩን ዘጋው። በሳምንቱ አውቶቡስ ተሳፍሮ መጣ።

አመጣጡን ልንገራችሁ። ሽርጡን አገልድሟል፣ ነጭ ኮፍያውን ደፍቷል፣ በረባሶውን ተጫምቷል። በአንድ እጁ ዱላ፣ በሌላው እጁ የጥንቅሽ እስር ይዟል፤ ያንን ሁሉ መንገድ ጭኑ ላይ አጋድሞት ነው የመጣው። “ለማን ነው ይሄ ሁሉ ጥንቅሽ?” ስለው፣ “የሰው ቤት ባዶ እጅ ይኬዳል እንዴ?” አለኝ። በማግሥቱ ጠዋት ወደ ግቢው ከመውጣታችን በፊት፣ ሱሪ ገዝቼ ላምጣልህ ብዬው ነበር። ሽርጡን ከላይ እስከ ታች አየውና፣ “ምነው፣ ተቀዷል?” አለ። አልተቀደደም። ንጹህ ነው፣ እህቴ ናት ያጠበችው። ያኔ ዝም ማለት ነበረብኝ፤ ዝም አልኩ፣ በሆዴ ግን አላልኩም።

ግቢው አሮጌ ነው። የድሮ ሹም መኖሪያ ነበር ይሉታል፤ የድንጋይ ቤቱ፣ ሰፊው ደረጃ፣ ከጣሪያው በላይ ያለፉት ዛፎች ይህንኑ ይመሰክራሉ። በቅርቡ ጎብኚ ያለ አስጎብኚ እንዲዞረው ብለው በየቦታው ቁጥር ያለው ሰሌዳ ተክለዋል። በር ላይ የሚታጠፍ ካርታ ይሰጣል፤ ሰው ቁጥሩን እየተከተለ፣ ሰሌዳውን እያነበበ፣ ራሱን በራሱ ያስጎበኛል። እኔ ካርታ ስይዝ ደስ የሚለኝ ሰው ነኝ። አባዬን በደንብ ካዞርኩት፣ የተማሪዎቹን መኝታ ቤትም ዛፉንም ካሳየሁት፣ የእህቴ ጉዳይ እዚያው ያልቃል ብዬ ነበር ያሰብኩት።

በሩ ላይ ጥበቃው፣ “አባት፣ ዱላው እዚህ ይቆይ” አለው። አባዬ አልተከራከረም። ዱላውን በሁለት እጁ አቀበለውና፣ “አደራህን ልጄ። አሮጌ ነው፣ ግን ለምዶኛል” አለው። ጥንቅሹን አልነኩበትም። ካርታውን ተቀበልኩና ገባን።

“አስጎብኚው የታለ?” አለኝ።

“የለም። ወረቀቱ ነው የሚመራን።”

“ባለቤቱ ሳይመራኝ በሰው ቤት ልዞር?”

“አባዬ፣ የመንግሥት ነው፣ ባለቤት የለውም።”

“ባለቤት ለሌለው ቤት ልጅ አይሰጥም” አለ። ቀልዱን ይሁን የምሩን አልገባኝም፤ ካርታውን ገልብጬ ማንበብ ጀመርኩ።

ቁጥር አንድ የድንጋዩ ቤት ነው። ሰሌዳውን እያነበብኩለት፣ ማን እንዳሠራው፣ በኋላ ምን እንደሆነ እያልኩ ሳለሁ አባዬ ደረጃው ሥር ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገና በዚያ ማሳ ለማሳ በሚጠራራበት ድምፁ፣ “ቤቶች!” አለ። መልስ የለም። “ቤቶች! ማን አላችሁ?”

እኛ ዘንድ ሳይጣራ የሰው ግቢ የሚገባ ሌባ ብቻ ነው። ይህንን አውቃለሁ፤ ከእሱው ነው የተማርኩት። ግን ደረጃው ላይ የተቀመጡ ተማሪዎች አንገታቸውን ሲያስግጉ፣ አንዷ የጓደኛዋን ክንድ ስትቆነጥጥ አየሁ። “አባዬ፣ ሰው አይኖርበትም፣ ቢሮ ነው” አልኩት ዝቅ ብዬ። “ቢሮ ሰው የለውም?” አለ ከፍ ብሎ። በዚህ መሐል ፎቅ ላይ መስኮት ተከፍቶ አንዲት ሴት ብቅ አለች። አባዬ ደስ አለው። እንደምን አደራችሁ አላት፣ ልጆቹን ጠየቀ፣ ዝናቡን ጠየቀ፣ ከብቱን ጠየቀ። ሴትየዋ ግራ ገብቷት ደህና ነው አለች። ከብቱም ደህና ነው አለች። ተማሪዎቹ በሳቅ ፈረሱ፣ እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

መቼም ዐይኔን በጨው አጥቤ ልናገረው፤ አፈርኩበት። በሽርጡ አፈርኩ፣ በበረባሶው አፈርኩ፣ በድምፁ አፈርኩ። ከሁሉ በላይ በአነጋገሩ አፈርኩ። ምክንያቱም እዚያ ግቢ ከገባሁ ወዲህ የእኔን አነጋገር ማንም ሳያዝዘኝ አርሜዋለሁ። አገርሽ የት ነው ሲሉኝ ወሎ እላለሁ። ወሎ የት ሲሉኝ፣ “ደሴ አካባቢ” ብዬ አልፋለሁ። ከቆቦ ደሴ ምን ያህል እንደሚርቅ የጂኦግራፊ አስተማሪ ሆኜ ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። አሁን አባዬ አፉን በከፈተ ቁጥር ያ የሸፈንኩት ሁሉ ይገለጣል። ከጎኑ ስሄድ ትንሽ ቀደም እላለሁ፣ ወይም ትንሽ ወደ ኋላ እቀራለሁ፤ ካርታ የማይ እየመሰልኩ ነው።

እሱ ምን ያውቃል። እሱ እየወደደው ነበር። አንድ ትልቅ ዛፍ ጋ ስንደርስ፣ እሱም ቁጥር አለው፣ ግንዱን በመዳፉ መታ መታ አደረገውና ሥሩ ተቀመጠ። የጥንቅሹን እስር ፈታ። አጠገባችን የተቀመጡትን ተማሪዎች “ኑ ልጆቼ” ብሎ ጠርቶ ያድላቸው ጀመር። ጥንቅሽ አይተው የማያውቁ ነበሩ፤ በጥርሱ እየላጠ አሳያቸው። እነሱ እየሳቁ ይመጣሉ፣ እሱ የሳቁት በጥንቅሹ ጣዕም ይመስለዋል። ምናልባትም በጣዕሙ ይሆናል የሳቁት፤ አሁን ሳስበው እርግጠኛ አይደለሁም። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ቀረጸው። አባዬ ገለባውን ግራና ቀኝ እንትፍ ይላል፣ እኔ ከኋላው እየለቀምኩ በሶፍት እጠቀልላለሁ።

“አንቺ፣ ምን ትለቅሚያለሽ? መሬት አይደል፣ ይበላዋል” አለኝ።

“አባዬ፣ እዚህ እንዲህ አይደረግም።”

“እሺ” አለና የቀረውን ገለባ ሽርጡ ጫፍ ላይ ቋጠረው። ቅር አላለውም። መኝታ ቤቱን ጠየቀኝ፤ በሩቁ አሳየሁት። ሴቶቹ ለብቻቸው እንደሆኑ ጠየቀኝ፤ ለብቻቸው ነው አልኩት። መስገጃ ቦታ መኖሩን ጠየቀኝ፤ አለ አልኩት። ውሃ ጠየቀኝ፤ ይመጣል ይሄዳል አልኩት። “የኛስ መቼ ቆሞ ያውቃል” ብሎ ሳቀ። ተነስቶ ሽርጡን አራገፈና፣ “ማሻአላህ፣ ቤቱ ክፉ አይደለም። ዛፍ ያለው ቤት ደግ ነው” አለኝ። ልቤ ዘለለች። እህቴን በሐሳቤ በዚያ ደረጃ ላይ መጽሐፍ ታቅፋ አየኋት። ጉዳዩ አልቆ ነበር። እዚያ ላይ ብንመለስ ኖሮ አልቆ ነበር።

ካርታው ግን ቀጥሎ ቤተ መጻሕፍት ይላል። እኔ ደግሞ ቁጥር ተዘልሎ አልወድም።

የቤተ መጻሕፍቱ በር መስታወት ነው፤ ውስጥ ያሉት ተማሪዎች አቀርቅረው ሲያነቡ ይታያሉ። እኔ ሰሌዳውን ሳነብ አባዬ ቀደመኝ። መስታወቱን በጣቱ አንኳኳና፣ “ቤቶች!” አለ። ውስጥ ያለው ሁሉ ቀና አለ፤ እዚያ ቤት ሰው ሲያስነጥስ እንኳ ይገለመጣል። ደግሞ ሊጣራ አፉን ሲከፍት በሩ ከውስጥ ተከፈተና አማካሪዬ ወጣች። ጽሑፌን የምታየው፣ የምፈራት፣ በዝግታ የምትናገረው አማካሪዬ ናት። ከኋላዋ ሁለት ባልደረቦቿ አሉ። አባዬን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

“እንግዳ ይዘሻል?” አለችኝ።

“አዎ ዶክተር” አልኩ። “ከአገር ቤት የመጡ ናቸው።” ከዚያ ወደ አባዬ ዞርኩና፣ በዚያ ባረምኩት አነጋገሬ፣ “አባት፣ በዚህ በኩል ይምጡ፤ እዚህ መጣራት አይፈቀድም” አልኩት።

አባዬ ዘወር ብሎ ከኋላው አየ።

ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። የግድግዳው ጥላ ሥር ሆኖ ያየው ነው፤ ያኔም ከኋላው ሰው አልነበረም፣ አሁንም የለም። ቀስ ብሎ ተመለሰና ፊቴን አየኝ። እኔ ካርታውን አየሁ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የእኔ ወለምታ አልነበረም። ወለምታ ሳታስበው ነው የሚይዝህ፤ እኔ ግን “አባዬ” የምትለው ቃል አፌ ላይ ደርሳ መልሼ ዋጥኳት። አባት ብዬ፣ አንድ ጥበቃ ለማያውቀው ሽማግሌ የሚለውን አልኩት። የሰማ ሁሉ ጨዋ ልጅ ናት፣ ታላቅ ታከብራለች ይላል። የገባን እኔና እሱ ብቻ ነን።

አማካሪዬ ዝቅ ብላ ጨበጠችው። “እንኳን ደህና መጡ አባት። ዘመዷ ነዎት?”

አሁን ቀና ብዬ አባቴ ነው ብል ያልቅ ነበር። ሳቅ ነበር የሚሆነው፤ እሱም ይስቅ ነበር። ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ። ዝም ማለቴን አየና እሱ መለሰልኝ።

“የአገሯ ሰው ነኝ” አለ።

“አባቷን ያውቋቸዋል?”

“አውቀዋለሁ።”

“እንግዲያ ይንገሩልኝ። እንዲህ ያለች ልጅ ያሳደጉ ሰው ምስጋና ይገባቸዋል።”

“እነግረዋለሁ” አለ አባዬ። “ደስ ይለዋል።”

ድምፁ ውስጥ ምንም ቁጣ የለም። ከቀረው ጥንቅሽ መርጦ፣ ረዘም ያለውን፣ አቀበላት። እኔ አሁን ደግሞ ምን ትል ይሆን ብዬ ስሸማቀቅ፣ ያቺ የምፈራት ሴትዮ ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ፣ ጥንቅሹን በጉልበቷ ሰበር አድርጋ በጥርሷ መላጥ ጀመረች። “እኔ ከሚሴ ነው ያደግሁት” አለችው፣ አፏ ሞልቶ። “ይሄንን ከቀመስኩ ስንት ዘመኔ።” ባልደረቦቿም ተቀበሉ። እዚያ በር ላይ ቆመው ከአባዬ ጋር ስለ ማሽላው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቆቦ ሙቀት እየተጫወቱ ጥንቅሽ በሉ። አንቺ ደሴ አካባቢ አልነበርሽም እንዴ ብላ አማካሪዬ አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ ያህል ግን ጆሮዬ ጋለ።

ሲሄዱ እኔና አባዬ ብቻችንን ቀረን። ካርታው ላይ ገና የቀሩ ቁጥሮች ነበሩ። አባዬ ሽርጡን አስተካከለ።

“አሁን በየት በኩል ነው የሚሄዱት?” አለኝ።

መጀመሪያ ስለ ሌላ ሰው የጠየቀ መስሎኝ፣ “እነማን?” አልኩ።

“እርስዎ ነዎት። ወረቀቱ እርስዎ እጅ ነው፤ ይምሩኝ።”

“አባዬ…”

“ይምሩኝ እንጂ። ፀሐዩ ሳይበረታ።”

መራሁት። ምን ላድርግ። አሮጌውን ደወል አሳየሁት፣ የደረቀውን ምንጭ አሳየሁት። አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝ፤ እንግዳ ባለቤቱን እንደሚሰማ። ከዚያ በኋላ የትኛውም ቤት ደጅ ላይ አልተጣራም። እኔ ደግሞ ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ ተናደድኩ። ምን አልኩት? አከበርኩት እንጂ አልሰደብኩት፤ የሰው ልጅ አባቱን አንቱ ይል የለም? እንዲህ እያልኩ በሆዴ ስከራከር በሩ ጋ ደረስን። ጥበቃው ዱላውን አወጣለት። “አላህ ይስጥህ ልጄ፣ አንተ አደራ አዋቂ ነህ” አለው። አንተንም ልጄንም ለጥበቃው ሰጠው፤ እኔ እዚያው ቆሜ ነበር።

ማታ እራት ሳቀርብለት አመሰገነኝ። አባዬ ከልጁ እጅ በልቶ አመስግኖ አያውቅም፤ ጨው አነሰው ይላል፣ ወይም ደግሞ ጨምሪ ይላል። ያን ማታ፣ “አላህ ይስጥልኝ፣ ደከሙ” አለኝ። ጨው አንሶት ነበር፤ እኔ ቀምሼዋለሁ። የእህቴን ነገር ላነሳ ሞከርኩ። “እቤት ገብቼ እነግራታለሁ” አለና ጀርባውን ሰጠኝ። በማግሥቱ አውቶቡስ ላይ አሳፈርኩት።

እህቴ በየቀኑ ትደውላለች። “ምን አለሽ? ወደደው?”

“ዛፉን ወዶታል” እላታለሁ።

“እኔን ምንም አላለኝም። ዝም ብሏል። እቴ፣ ምን አይቶ ነው?”

ምን ልበላት። እኔን ነው ያየው ልበላት? በመጨረሻ እያለቀሰች ደወለች፤ የዋጃ ሽማግሌዎች ለጁምዓ ይምጡ ተብለው መልእክት ተልኮላቸዋል። እኔም ሐሙስ ጎህ ሳይቀድ በሚነሳው አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሙሉ መንገዱን ስለማመድ ነው የሄድኩት። “አባዬ፣ አጥፍቻለሁ። በእኔ ጥፋት እሷን አትቅጣት።” ይህችን ንግግር በሆዴ እላታለሁ፣ ትጥመኛለች፤ ደግሞ እላታለሁ። ለቆቦ ጥቂት ሲቀረን ሮቢትን ስናልፍ የማሽላው ሽታ በመስኮት ገባ፣ ሲመሽ ቆቦ ወርጄ ባጃጅ ያዝኩ።

የግቢያችን በር ገርበብ ብሎ ነበር። ከተወለድኩ ጀምሮ ያንን በር በእግሬ ገፍቼ ነው የምገባው። ያን ቀን እጄ እንጨቱ ላይ ቀረ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አፌ በራሱ ተከፈተ።

“ቤቶች!” አልኩ።

ከውስጥ የአባዬ ድምፅ፣ “ማን ልበል?” አለ።

“እኔ ነኝ አባዬ።”

አውቆኛል።

“ይግቡ” አለኝ።

ግቢ ቢለኝ ኖሮ እግሩ ላይ እወድቅ ነበር። ይግቡ ለተባለ ሰው ግን መውደቂያ የለውም፤ እንደ ጨዋ ይገባል። ገባሁ። እህቴ ተጠመጠመችብኝ። አባዬ ተነስቶ ምንጣፍ የተነጠፈበትን መደብ፣ እንግዳ የሚቀመጥበትን፣ በእጁ አራገፈልኝ። “ይቀመጡ።” የእጅ ውሃ ሲመጣ፣ “ለእንግዳዋ አስቀድሚ” አላት። እህቴ የሚቀልድ መስሏት እየሳቀች አስታጠበችኝ። የተለማመድኳት ንግግር ጉሮሮዬ ላይ ነበረች። ግን እህቴ ፊት እንዴት አድርጌ ልበላት? እሷ እኔን አይታ ነው የተማረችው፤ እኔን ልትሆን ነው የምትሻው። ስለዚህ ያቀረቡልኝን ቂጣ ቆረስኩ።

አባዬ በላ፣ እጁን ታጠበ፣ አፉን አበሰ። ከዚያ እህቴን ጠራት።

“ነይ እስቲ ተቀመጪ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ።”

ተቀመጠች። ፊቷ አመድ መሰለ።

“ያ ግቢ ገባሽ እንበል። ትልልቅ መምህራን አሉ፣ የከተማ ልጆች አሉ። ከእነሱ ጋር ቆመሽ ሳለሽ እኔ በዚህ ሽርጤ፣ በዚህ በረባሶዬ፣ ዱላዬን በር ላይ ተቀምቼ መጣሁ። ‘ቤቶች!’ ብዬ ጮህኩ። ምን ትይኛለሽ?”

እህቴ ግራ ገባት። ፈተና ነው ብላ ፈርታ ነበር፤ ይሄ ፈተና አልመሰላትም። አየችኝ፤ እኔ ቂጣውን አየሁ።

“ምን እልሃለሁ?” አለችው። “አባዬ፣ ምን አመጣህ ነዋ የምልህ። ጥንቅሽ ይዘህ መጣህ?”

“ሰው እየሰማ?”

“ይስማ። ደግሞ እዚያ አትጩህ፣ ሰው ያነባል፣ ዝም ብለህ ና እልሃለሁ።”

አባዬ ሳቀ። ከዚያ ግቢ ከተመለሰ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ጭንቅላቷን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ ግንባሯን ሳማት።

“እንግዲያ ሂጂ” አላት። “ለዋጃዎቹ ነገ ሲመጡ ልጄ ተሰጥታለች እላቸዋለሁ። ቤቱን አይቼዋለሁ፣ ደግ ቤት ነው።”

እልልታዋን ጎረቤት ሰማ። ጉልበቱን ሳመች፣ ተነሳች፣ እኔን ሳመችኝ፣ “እቴ፣ አንቺ ነሽ፣ አንቺ ነሽ ያሳመንሽልኝ” አለችኝ። አባዬ ዱዓ አደረገላት። “አንተ ጠብቃት፣ አንተ መንገዱን ጥረግላት” እያለ ጌታውን እንደ ቅርብ ሰው ለመነላት። እጆቼን ዘርግቼ አሚን አልኩ። ሲጨርስ የቂጣውን ሰሃን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

“ይብሉ እንጂ፣ አልበሉም።”

እህቴ አሁን ሰማች። “አባዬ፣ እቴን ነው አንቱ የምትላት?”

“አዎ” አለ። “የተማረ ሰው ይከበራል። አንቱ ማለትንም ያስተማረችኝ እሷው ናት።”

እህቴ በሳቅ ተንከተከተች። አባዬም ፈገግ አለ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ፣ ባለቤቶቹ ሲስቁ እንግዳ አብሮ ይስቃል።